የተሟሸው ፍሬን

ዓርብ፣ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎንደር አራዳ ወጣሁ። የክፍሌን በር ቆልፌ ቁልፉን ለማን እንደምተወው ትንሽ አሰብኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ድሮ ቁልፍ እናቴ ዘንድ ይቀር ነበር። አሁን እናቴና አባቴ ባሕር ዳር ናቸው፤ ወንድሜ ኑሩ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ወሰዳቸው። የአራዳው ሱቃችን ተከራይቷል። ከጀርባው ያለችው አንዲት ክፍል ለእኔ ቀረች።

የምሄደው ሞተር ሳይክል ላመጣ ነው። ኑሩ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ከሊማሊሞ ወዲያ ባሉት ገበያዎች በሞተር እየዞረ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መንገዱ ሲበላሽበት ሞተሩን ድብ ባሕር ከሚያርፍበት ቤት ትቶ በጭነት መኪና ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። እኔ ደግሞ በእንስሳት ጤና ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ እንፍራንዝ ሥራ አገኘሁ። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ከብት መከተብ ነው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሴ ሞተር እንዲኖረኝ። ሰኞ ጧት በሞተር ካልቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።

ለኑሩ ስደውልለት እንደ ደንበኛ አናገረኝ። «ጎንደር ካስገባሽው ያንቺ ነው። ግን አንድ የደባርቅ ሰው ለመለዋወጫ ሊገዛው ቅዳሜ ይመጣል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። እስከዚያ ካልተነሳ እሱ ይውሰደው።»

«የሚጎድለው ነገር አለ?»

«ምንም የለ። የቤቱን ባለቤት አያ ፈንታሁንን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ፍሬኑ ይይዛል ወይ?› ብላቸው ‹ኧረ በደንብ ይይዛል› አሉኝ። ካንዴላ ቀይሪለት፤ ቤንዚን ጨምሪበት፤ በቃ።»

ስለዚህ አዲስ ካንዴላ፣ ጥቂት የብሎን መፍቻ ቁልፎች፣ ካቻቢቴና ሄልሜቴን ይዤ ወጣሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምነዳው ነገር ነው ያልነበረኝ።

እስከ ደባርቅ

የሚኒባሱ ዋጋ ሦስት መቶ ብር ነው። ሄልሜቱ ቦርሳዬ ውስጥ ስላልገባ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ አየውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሹፌራችንን ይህን ያህል አታምኚውም?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንዱ፣ «ትርፍ ካለሽ ለእኔም አውሺኝ፤ ትናንት በሱ ነው የመጣሁት» ብሎ ጨመረበት። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ነበረኝ። እንደ ልማዴ የመጣልኝ ግን ወለቃን ካለፍን በኋላ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት፣ «ከማን ጋር ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ወንድሜ እዚያ ይጠብቀኛል።»

ማንም አይጠብቀኝም ነበር። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሰው እንዳላት መናገር ይቀላታል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አይበዛም። እኔ ግን ያልኩትን ራሴ ሰምቼ እስከ ኮሶዬ ድረስ ከፋኝ። ገደሉ በጉም ተሞልቶ ስለነበር በመስኮት የሚታይ ነገር አልነበረም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ሜዳው ሁሉ የታጨደ ገብስ ነው፤ ነዶው ተከምሮ አመዳይ ወርዶበታል። ዳባት ላይ ለሻይ ቆምን። ከሻዩ ይልቅ ብርጭቆው ጠቀመኝ፤ እጄን አሞቅኩበት።

ሊማሊሞ

ከደባርቅ ቤንዚን በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገዛሁና ወደ አዲአርቃይ የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁ። ሹፌሩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጠርሙሶቹን እግሬ ሥር ሲያዩ ያወጡትን ሲጋራ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ዛሬ ባንቺ የተነሳ ጾመኛ ሆንኩ» አሉኝ።

ሊማሊሞን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ አሁን ያለፍንበት መታጠፊያ ከደቂቃ በኋላ ከራሳችን በላይ ይታያል። ሹፌሩ ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ እያጓራ ወረድን። ከፊታችን ያለው ከባድ መኪና ግን ፍሬን ላይ ተኝቶ ነበርና የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታው ወደ እኛ መጣ።

«አየሽው ይሄን?» አሉ። «ይዞ ይዞ አቃጠለው። ፍሬን ትይዣለሽ፣ ትለቂያለሽ። የማይለቅ ፍሬን ከሌለው ይብሳል።»

ነገ ከሰዓት በዚሁ መንገድ እንደሚመለሱ ነግረውኝ ድብ ባሕር መግቢያ ላይ አወረዱኝ። ከላይ የለበስኩት ሹራብ ታች ሙቀት ሆነብኝ።

ድብ ባሕር፣ ዓርብ ከሰዓት

የአያ ፈንታሁን ቤት ከመንገዱ ጥቂት ገባ ይላል። ግቢው በማሽላ ጭድ ተሞልቷል። እሳቸው ረዥም፣ ቀጠን ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ስሜን ስነግራቸው ከእኔ አልፈው ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«ምነው ብቻሽን? ኑሩስ?»

«ሱቅ ይዞት ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሱቅ?» አሉና ነገሩን እዚያው ተዉት።

ሞተሩ ከጭድ ቤቱ ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሸራውን ሲገልጡት ያበራ ነበር። ዝገት የሚባል የለበትም፤ ብረቱ ሁሉ ወርቃማ ወዝ አለው።

«ሸጋ አይደለም?» አሉኝ። «ክረምት በገባ ቁጥር የኑግ ዘይት እቀባዋለሁ። ጨርቅ የማይደርስበትን ደግሞ በዶሮ ላባ። አደራ ነውና።»

በጣም ደስ አለኝ። መሪውን ይዤ ገፋሁት። የኋላው ጎማ ተንፏቀቀ፤ የፊተኛው ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው ብረት፣ ካሊፐር የሚሉት፣ ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር አጣብቆ ቀርቷል።

«አያ፣ ፍሬኑ እኮ ይዟል» አልኳቸው።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ለኑሩም ነግሬዋለሁ፤ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል!»

መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ። ለፍሬን የሚሆን አንድም ነገር አልያዝኩም። ገዢው ነገ ይመጣል።

ማታ የአያ ፈንታሁን ሚስት እትዬ ደብሬ ሽሮ አቀረቡልኝ። ወቅቱ የገና ጾም ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው። ሽሮው ግን ከእነሱ ድስት አልወጣም፤ ከምሰሶው ላይ ለብቻው ተሰቅሎ ከነበረ ትንሽ ድስት ነው።

«የኑርዬ ድስት ነው» አሉኝ። «ሥጋችን ነክቶት አያውቅም። አሁን ጾም ነው ብዬ ባንቺ ላይ አልቀልድም።»

«ከሄደ ጀምሮ እዚያው ነው የተሰቀለው?»

«ወዴት ይውረድ? ቢመጣስ?»

ኑሩ እዚህ ቤት ሲመጣ እየቀለደ ያሥቃቸው እንደነበር፣ የገበያተኛውን አነጋገር ሁሉ እያስመሰለ ያወራ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ የማውቀው ኑሩ ራቱን በልቶ ዝም የሚል ሰው ነው። የሚያወሩልኝን ሰው እኔም ማግኘት አማረኝ። «ለእኛ የደወለው ለሞተሩ ብቻ ነው፤ ላንቺስ ይደውላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ለእኔም እንደማይደውል መናገር አልፈለግሁም። «ሥራ ይበዛበታል» አልኩ።

ቅዳሜ

ጧት ካሊፐሩን ከፊት እግሩ ፈታሁት። የዘይት ቱቦውን ሆን ብዬ አልነቀልኩትም። ውስጡ ሆነው ሸራዎቹን የሚገፉት ሁለት ፒስተኖች የሚንቀሳቀሱት በፍሬን ዘይት ግፊት ነውና፣ በመዶሻ ከመምታት ይልቅ በራሱ ግፊት ማስወጣት ይሻላል። መሪው ላይ ያለውን የፍሬን መጭመቂያ ደጋግሜ ጨመቅኩ። ሁለቱም ደርቀው ቀርተዋል፤ ዙሪያቸውን እንደ ማር ቀለም ያለው፣ እንደ መስታወት የጠነከረ ነገር ከቧቸዋል። ካቻቢቴ አልፋቀውም። ቤንዚን አፍስሼበት ብጠብቅም አላላም።

አያ ፈንታሁን የመጥረቢያውን ጀርባ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። «አንዴ ልጠፍጥፈው?»

«አይ አያ፣ ይሰበራል።»

«ቀስ ብዬ ነው እኮ።»

እትዬ ደብሬ በዚያ ሲያልፉ ጎንበስ አሉና ያንን ቢጫ ነገር በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ጥፍራቸውን አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ።

«አንተ ፈንታሁን! ማኪናውን አሟሽተኸዋል!»

«ምን አልሽ?»

«እንደ ምጣድ ነዋ! ኑግ ቀብተህ፣ ፀሐይ አስመትተህ፣ እንደገና ኑግ ቀብተህ! ሦስት ክረምት! እኔ ምጣድ እንዲህ አሟሽቼ አላውቅም። እንጀራ ብትጋግርበት አይያዝም!»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩም ትክክል ነው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፤ ሲደራረብ ብረቱ ላይ ቆዳ ይሠራል። ምጣድን የሚያሳምረው ነገር ፒስተኑን ቀፎው ውስጥ ለጥፎታል። ቀና ስል ግን አያ ፈንታሁን አይስቁም። መጥረቢያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ አውድማቸው ሄዱ።

«ተዪው፣ ይመጣል» አሉ እትዬ ደብሬ፤ እሳቸውም ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«የተሟሸ ነገር ማስለቀቅ ሲፈልጉ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«በአመድ ውሃ ነዋ። ከፈላ በኋላ አጥልለሽ።»

አሰብኩት። የአመድ ውሃ ቅባትን ሳሙና አድርጎ ይፈታል። ግን ካሊፐሩ አልሙኒየም ነው፤ አብዝቼ ባቆይበት እሱንም ይበላዋል። ስለዚህ መንከር ትቼ መፋቂያ ለመንኳቸው። ለጥርስ የሚሆነውን እንጨት ጫፉን አኝኬ ብሩሽ አደረግኩትና ትኩሱን የአመድ ውሃ እያስነካሁ በፒስተኖቹ ዙሪያ ብቻ ፈገፈግኩ፤ ወዲያው በንጹሕ ውሃ አጠብኩ፤ እንደገና ፈገፈግኩ። ወርቃማው ቆዳ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ረገበ፣ ከዚያ እየተላጠ ወጣ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ሲደርስ የፒስተኖቹ ከንፈር ታየኝ። ግቢው ባዶ ነው፤ ከአውድማው በኩል በሬዎቹን የሚነዱበት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሥራው ሲሳካ «አየህ?» የሚሉት ሰው አለመኖሩ ከድካሙ ይልቅ ይከብዳል።

የፍሬኑ ዘይት ጠቁሮ አልቆ ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ አይሱዙዎችን ማየት ጀመርኩ። እጄን አንስቼ መኪና ማስቆም ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱን እንዲሁ አሳለፍኳቸው። ሦስተኛው የትናንቱ ሹፌር ስለነበሩ እጄን ሳላነሳ ራሳቸው ቆሙ።

«የፍሬን ዘይት ይኖርዎታል?»

«ሊማሊሞን ያለ እሱ የሚወጣ እብድ አለ?» አሉና ግማሽ ጠርሙስ ሰጡኝ። ዋጋውን ስጠይቃቸው፣ «የትናንቱን ሲጋራ አስቆጥበሽኛል» ብለው ሄዱ።

አዲሱን ዘይት ሞልቼ ስጨምቅ አንደኛው ፒስተን ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ሌላ ችግር መጣ፤ የሚወጣው አንዱ ብቻ ከሆነ ግፊቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣ የደረቀው እዚያው ይቀራል። የሚንቀሳቀሰውን በእንጨት ወትፎ መያዝ፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ መጭመቂያውን መጭመቅ ያስፈልጋል። አንዱን ስይዝ ሌላውን አጣሁ። ሁለት እጅ አይበቃም።

አውድማው ዳር ሄጄ ቆምኩ። አያ ፈንታሁን አዩኝና መልሰው በሬዎቻቸውን ማየት ጀመሩ። ስለ ኑግ ዘይቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ግን ያጠፉት እሳቸው አይደሉ፣ እኔም አይደለሁ። ሌላ ነገር ሲጠፋኝ እውነቱን ተናገርኩ።

«አያ፣ እጅ አነሰኝ።»

በሬዎቹን አቆሙ። ከዚያ ጅራፉን ለጎረቤታቸው ሰጥተው መጡ።

«የቱን ልያዝ?»

መጭመቂያውን ሰጠኋቸው። እኔ የላላውን ፒስተን በእንጨት ደግፌ፣ «ይያዙ!» እላለሁ፤ ይጨምቃሉ። «ይልቀቁ!» እላለሁ፤ ይለቃሉ። ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ብረቱ ውስጥ እንደ ጣት መሰበር ያለ ድምፅ ጭቅ አለና የደረቀው ፒስተን የጥፍር ያህል ብቅ አለ።

«ለቀቀ!» አሉ አያ ፈንታሁን። «ደብሬ! ነይ እዪ፣ ምጣድሽ ለቀቀ!»

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ሁለቱንም አወጣኋቸው፣ በጨርቅ እስኪያበሩ ጠረግኳቸው፣ ጎሚኒ የሚሉትን የጎማ ቀለበት ቤንዚን እንዳይነካው ተጠንቅቄ በራሱ በፍሬን ዘይት አርሼ መለስኳቸው። ሸራዎቹን ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ ዲስኩን በቤንዚን አጸዳሁ። ከዚያ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት እንደገና «ይያዙ»፣ «ይልቀቁ» ተባባልን። መጨረሻ ላይ እኔ ሳልናገር እሳቸው ቀድመው ያውቁት ጀመር።

የደባርቁ ሰው የመጣው ካንዴላውን ቀይሬ ሞተሩን ሳስነሳ ነው። ቆሞ አየና፣ «ሬሳ ውሰድ ተብዬ መጥቼ ይሄ እኮ ነፍስ አለው» አለ። «ለማንኛውም ዋጋ እንነጋገር?»

አያ ፈንታሁን እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ባለቤቷ ቆማለች፣ አታያትም?» አሉት።

እሑድ፣ ወደ ላይ

ከቅዳሴ ሲመለሱ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ተሰናበትኳቸው። አያ ፈንታሁን የፊተኛውን ጎማ ዳሰስ አድርገው፣ «እንግዲህ ክረምት ሲገባ ምን ልቀባ ነው?» አሉ፤ ለቀልድ ይመስል ነበር። እትዬ ደብሬ፣ «ድስቱን አላወርደውም። ለሱም ንገሪው፣ ላንቺም ይሆናል» አሉኝ።

ሊማሊሞን ብቻዬን ወጣሁ። በየጥቂት መታጠፊያው ቆሜ ምራቄን በጣቴ ዲስኩ ላይ አስነካለሁ፤ ከጮኸ ዲስኩ ግሏል፣ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። አንድም ጊዜ አልጮኸም። ከገደሉ አፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ሥራቸውን ያዙ። ሞተሩን ሳጠፋ ከነፋስ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ያ ስፍራ ውብ ነው፤ ግን ውበቱን አብሮኝ የሚያይ ሰው ስላልነበረ ቶሎ አስነስቼ ሄድኩ።

ደባርቅ ፍተሻ ላይ አንዱ ወጣት፣ «ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

መንጃ ፈቃዴን አይቶ መለሰልኝ። «ብርዱን ቻይው» ብቻ ነው ያለኝ።

እውነትም ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ጣቶቼ የእኔ አልመሰሉኝም። ከኮሶዬ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ከአንድ መታጠፊያ ጀርባ አህዮች መንገዱን ሞልተው ጠበቁኝ። ያዝኩ፤ ሞተሩ አፍንጫውን ደፍቶ ከመጨረሻዋ አህያ ጅራት አጠገብ ቆመ። ለቀቅኩ፤ ጎማው ያለ ምንም ማመንታት ተሽከረከረ። ባለ አህያው፣ «ወንድ ቢሆን ይመታን ነበር!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ጊዜ መልሱ ቶሎ መጣልኝ፦ «ወንድ ቢሆን ፍሬኑን መች ያጥበው ነበር!»

አራዳ የገባሁት የመግሪብ አዛን ሲባል ነው። ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ክፍሌ ትቻት እንደሄድኩት ነበረች፤ የዓርብ ጧት የሻይ ብርጭቆ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለኑሩ ደወልኩ።

«ገባ?»

«ገባ።»

«ፍሬኑ ይይዛል?»

«ይይዛል። ይለቅቃልም።» ከዚያ ሳላስበው፣ «ድስትህን አላወረዱትም» አልኩት።

ከስልኩ ወዲያ የሱቁ ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። «አሁንም ከምሰሶው ላይ ነው?» አለኝ። ድምፁ የነጋዴ አልነበረም። ደንበኛ ጠራውና ዘጋ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብባል፣ የቆመ ብረት ከዘይት ይልቅ ንቅናቄ እንደሚበጀው ነው የምለው። ዓመት ከመንፈቅ በዚያች ክፍል ስቀመጥ በእኔም ላይ የተደራረበ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ግን ያን ማታ ይህን አላሰብኩም። ከኑሩ ሌላ መድረሴን የምነግረው ሰው የለኝም ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።

ሰኞ ጧት ስልኬን ስከፍት አያ ፈንታሁን ስምንት ጊዜ እንደደወሉ የሚል መልእክት ገባ። ደነገጥኩና ደወልኩ፤ ገና ሳይጠራ አነሱት።

«ምነው? ምነው ልጄ? ገደል ገባሽ ብለን እኮ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን አደርን! ደብሬ እስካሁን እግዚኦ እያለች ነው!»

«ደርሻለሁ አያ። ማታ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ ሰው ሲደርስ አይናገርም?»

«ይቅርታ። የሚጠብቀኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

«ይቺ ልጅ!» አሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ፣ «ደርሳለች! ማታ ነው የደረሰች!» ብለው ጮኹ። የእትዬ ደብሬ እልልታ በስልኩ መጣ። «አሁንስ ወዴት ነሽ?»

«እንፍራንዝ፣ ሥራ ልጀምር።»

«ስትደርሺ ደውይ።»

ሞተሩን ወደ መንገዱ ገፍቼ አወጣሁት። የፊተኛውን ጎማ ከመሬት አንስቼ በአንድ ጣት መታ አደረግኩት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሄልሜቴን አደረግኩና በአዘዞ በኩል ወደ እንፍራንዝ ሄድኩ። እንደደረስኩ፣ ቢሮ ሳልገባ፣ ደወልኩ።